ቤት ያማረው የጊታር ድምፅ መድረክ ላይ ለምን ይከዳል?

አዲስ መልቲ ኢፌክት፣ የጊታርን ድምፅ የሚቀያይር ማሽን፣ ገዝታችኋል እንበል። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ሄድፎን አድርጋችሁ ስትነካኩት ከረማችሁ። ዲስቶርሽኑ፣ ድምፁን የሚያሻክረው ኢፌክት፣ ወፍራም ነው። ሪቨርቡ ትልቅ ካቴድራል ውስጥ የቆማችሁ ያስመስላል። ቅዳሜ ሰርግ አለ። አዳራሹ ውስጥ ሰክታችሁ የመጀመሪያውን ኮርድ ስትመቱ ከሞንታርቦው የሚወጣው ግን ያ የለመዳችሁት ድምፅ አይደለም። ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ሳውንድ ማኑ ከሚክሰሩ ኋላ ሆኖ በእጁ «ቀንስ፣ ቀንስ» ይላል። ስትቀንሱት ደግሞ ጊታሩ ኪቦርዱ ስር ገብቶ ድራሹ ይጠፋል።

እኔ ላይ የደረሰው ልክ እንዲህ ነው። ያን ቀን ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ነበር ወደ ቤት የተመለስኩት። ቤት ገብቼ ሄድፎኔን ስሰካው ድምፁ እንደ ድሮው ያማረ ነው። በጣም ግራ ገባኝ። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። የደረስኩበትን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ መድረክ ላይ የመልቲ ኢፌክትን ድምፅ ከምንም በላይ የሚወስነው የመጨረሻው ገመድ የሚሰካበት ቦታ ነው። ውስጡ ስንት ኢፌክት አለ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

ቀደም ሲል ጊታሪስት ድምፁን የሚቀይረው በነጠላ ፔዳሎች ነበር። አንዱ ለዲስቶርሽን፣ አንዱ ለኮረስ (ድምፁን የተደራረበ ለሚያስመስለው)፣ አንዱ ለዲሌይ። ሁሉም በአጫጭር ገመድ ይቀጣጠላሉ። መልቲ ኢፌክት ይህን ሁሉ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ከጊታሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ተቀብሎ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። አብዛኞቹ ማሽኖች በአንድ ሴኮንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ ሞገዱን ይለካሉ። ከዚያ ቁጥሮቹ ላይ ሒሳብ ይሠራሉ። ዲሌይ ማለት ቁጥሮቹን ያዝ አድርጎ ቆይቶ መልሶ ማሰማት ነው። ዲስቶርሽን ማለት የሞገዱን አናት መቁረጥ ነው። በመጨረሻ ቁጥሮቹ ወደ ኤሌክትሪክ ተመልሰው በመውጫው በኩል ይሄዳሉ።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ቦስ ኩባንያ ኤም ኢ 5 የተባለውን በእግር የሚረገጥ መልቲ ኢፌክት ያወጣው በፈረንጆቹ 1988 ነው። የያኔዎቹ ሳጥኖች ሥራቸው ኢፌክት ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ አምፕ ላይ፣ የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ በሚያወጣው ሳጥን ላይ፣ ይሰካሉ፣ አለቀ። በ1998 ላይን 6 ፖድ የሚባለውን ማሽን ሲያወጣ ግን ነገሩ ተቀየረ። ፖድ አምፑን ራሱን፣ ከነስፒከሩ፣ ያስመስላል። በ2006 የፍራክታል አክስ ኤፍ ኤክስ፣ በ2011 ኬምፐር፣ በ2015 የላይን 6 ሄሊክስ ይህንኑ መንገድ ይዘው መጡ። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ ማሽኖች እንኳ ውስጣቸው ብዙ አምፕ ተጭኗል።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚህ ነው። ሳጥኑ ኢፌክት ብቻ በነበረበት ጊዜ የት እንደሚሰካ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። ራሱ አምፕ ሲሆን ግን ሌላ አምፕ ላይ ልሰካው ወይስ ሚክሰር ላይ የሚለው ነገር ድምፁን ይለውጠዋል።

የመጨረሻው ገመድ

ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የጊታር አምፕ በጥሬው ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ድምፁን የሚቀርፀው ፕሪአምፕ፣ ቀጥሎ ጉልበት የሚሰጠው ፓወር አምፕ፣ በመጨረሻ ስፒከሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ስፒከሩን ነው። የጊታር ስፒከር ከሞንታርቦ ጋር ስም እንጂ ጠባይ አይጋራም። አብዛኛውን ጊዜ 12 ኢንች የሆነ የወረቀት ኮን ነው። ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ፣ የለውም። ስለዚህ ከ5,000 ኸርዝ ግድም በላይ ያለውን ድምፅ አብዛኛውን ይጥለዋል (ኸርዝ በሴኮንድ ያለው የንዝረት ብዛት ነው፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል)።

ዲስቶርሽን ደግሞ ብዙ ቀጭን ድምፅ የሚፈጥር ነገር ነው። የሞገዱ አናት ሲቆረጥ ከላይ ከላይ አዳዲስ ሽርክት ያለ ድምፅ ይወለዳል። አምፕ ላይ ከሆነ ችግር የለም፤ ስፒከሩ እንደ ወንፊት ሆኖ ያጣራዋል። በካሴትም በሲዲም ስንሰማው ያደግነው የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ በዚህ ወንፊት ያለፈ ነው። ሞንታርቦ ግን የተሠራው ለሰው ድምፅ፣ ለኪቦርድ፣ ለሲምባል ነው። እስከ 15,000 ኸርዝና ከዚያም በላይ ያለውን ሁሉ አጥርቶ ያወጣል። ያልተጣራ ዲስቶርሽን ሲገባበት አንድም ሳያስቀር ያሰማችኋል። ንቡ ይሄ ነው።

ለዚህ ነው ማሽኑ ውስጥ «ካቢኔት» ወይም «ካብ» የሚባል ክፍል ያለው። ሥራው የጊታር ስፒከሩን ወንፊት መተካት ነው። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ «አይ አር» የሚል ጽሑፍም ታገኛላችሁ። አይ አር አሻራ ነው ብትሉት ይቀላል። አንድ እውነተኛ የጊታር ካቢኔት ፊት ማይክ ይቆማል፣ የሙከራ ድምፅ ይለቀቃል፣ ካቢኔቱ ድምፁን እንዴት እንደቀየረው ይመዘገባል። ፋይሉ በጣም አጭር ነው። 2,048 ነጥብ ያለው አይ አር በ48,000 ሲሰላ 43 ሚሊ ሴኮንድ ግድም ነው። ያቺ አጭር ፋይል ጊታራችሁን ከንብነት ታወጣዋለች።

ሕጉ እንግዲህ ቀላል ነው። ሚክሰር ላይ የምትሰኩ ከሆነ ካቡ ይብራ። የጊታር አምፕ ላይ የምትሰኩ ከሆነ ካቡ ይጥፋ። አምፕ ላይ ካቡን ካበራችሁት ድምፁ ሁለት ጊዜ ይጣራና ብርድ ልብስ የተጠቀለለበት ይመስላል።

ያን የሰርግ ቀን የደረሰብኝን አሁን ማስረዳት እችላለሁ። አንዳንድ ማሽኖች በሄድፎን መውጫው በኩል ካቡን ራሳቸው ያበራሉ። በትልቁ ጃክ በኩል ግን የሚሰካው አምፕ ነው ብለው ስለሚገምቱ ያጠፉታል። የእኔው እንዲህ ዓይነት ነበር። ቤት በሄድፎን የሰማሁትና በሚክሰሩ በኩል የወጣው ሁለት የተለያየ ድምፅ ነው። መፍትሔው ሜኑ ውስጥ አንድ መስመር መቀየር ብቻ ነበር። ብዙ ማሽኖች «አውትፑት» በሚለው ሜኑ ውስጥ የምትሰኩት ምን ላይ ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ አምፕ ወይስ ላይን (እንደ ሚክሰር ያለው)። ከሁሉ በፊት እሱን ፈልጉት።

አምፕ ካገኛችሁ

አንዳንድ መድረክ ላይ አምፕ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከፈረንጆቹ 1975 ጀምሮ የሚሠራ፣ ሁለት 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ንጹሕ ድምፅ የሚያወጣ አምፕ ነው። እንዲህ ያለ አምፕ ፊት ለፊቱ ላይ ስትሰኩ በማሽኑ ውስጥ ያለውን አምፕም ካብም አጥፉና ኢፌክቱን ብቻ ተጠቀሙ። አምፑ የራሱን ሥራ ይሥራ።

የማሽናችሁን አምፕ ድምፅ የግድ ከፈለጋችሁት ደግሞ ከአምፑ ጀርባ «ሪተርን» የሚል ቀዳዳ ፈልጉ። እዚያ ስትሰኩ የአምፑን ፕሪአምፕ ትዘላላችሁ፤ ፓወር አምፑንና ስፒከሩን ብቻ ትበደራላችሁ። ያኔ ማሽኑ ውስጥ ያለው ካብ ጠፍቶ የማሽኑ አምፕ ይብራ።

ሦስተኛው መንገድ አራት ገመድ ይፈልጋል። ሲያዩት ያስፈራል፣ ግን ምክንያቱ ሲገባችሁ ቀላል ነው። ኦቨርድራይቭ (ለስለስ ያለው ዲስቶርሽን) እና ዋዋ (በእግር እየተረገጠ «ዋ ዋ» የሚያሰኘው) ከፕሪአምፑ በፊት ሲሆኑ ያምራሉ። ዲሌይና ሪቨርብ ደግሞ ከፕሪአምፑ በኋላ ሲሆኑ ያምራሉ፤ በፊት ከሆኑ የአምፑ ዲስቶርሽን ማሚቶውን ጭምር ይፈጨዋል። አንዱ ሳጥን በሁለቱም ቦታ እንዲገኝ ነው አራት ገመድ የሚያስፈልገው። አንደኛው ከጊታሩ ወደ ማሽኑ መግቢያ። ሁለተኛው ከማሽኑ «ሴንድ» ወደ አምፑ የፊት መግቢያ። ሦስተኛው ከአምፑ ጀርባ ካለው «ሴንድ» ወደ ማሽኑ «ሪተርን»። አራተኛው ከማሽኑ መውጫ ወደ አምፑ «ሪተርን»። እውነቱን ለመናገር፣ በአንድ ምሽት አራት ባንድ በሚፈራረቅበት መድረክ ላይ ይህን አልመክርም። ገመዱ ሲበዛ ለመሳሳት ይመቻል፣ አንዱ ሲላላ ሁሉም ይቆማል። የራሳችሁ አምፕ ካላችሁና ቦታው ቋሚ ከሆነ ግን ደስ የሚል ነገር ነው።

ሚክሰር ላይ ስትሰኩ

አዲስ አበባ ውስጥ ክለብ፣ ሰርግ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚጫወት ጊታሪስት ብዙውን ጊዜ አምፕ ተሸክሞ በታክሲ አይዞርም። በአንድ ትከሻ ጊታሩን፣ በቦርሳ ማሽኑን ይዞ ሚክሰር ላይ ነው የሚሰካው። መልቲ ኢፌክት እኛ ጋ እንዲህ የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ሳውንድ ማኑ ወዳጃችሁ ነው። ገና ሳትሰኩ ሁለት ነገር ተነጋገሩ። የመጀመሪያው የድምፅ መጠን ነው። የማይክ ድምፅ ደካማ ነው፣ የላይን ድምፅ ብርቱ ነው። ገመዳችሁ የገባው በማይክ መስመር ከሆነና ማሽናችሁ በላይን መጠን ከለቀቀ፣ ሚክሰሩ ይጨናነቅና ድምፁ ይሰነጠቃል። ያ ስንጥቅ የእናንተ ዲስቶርሽን እንዳይመስላችሁ። ማሽኑ በኤክስ ኤል አር፣ በባለ ሦስት እግሩ የማይክ መሰኪያ፣ የሚወጣ ከሆነ ሜኑው ውስጥ ማይክ ወይም ላይን የሚል ምርጫ ይኖረው ይሆናል። ሁለተኛው 48 ቮልት ነው። ሚክሰሩ ለአንዳንድ ማይኮች በገመዱ በኩል የሚልከው ኤሌክትሪክ ማለት ነው። የእናንተ መስመር ላይ እንዲያጠፋው ለምኑት።

ማሽናችሁ ያለው ተራ ጃክ ብቻ ከሆነና ሚክሰሩ አዳራሹ ጫፍ ላይ ካለ፣ ረጅሙን ጃክ ከመዘርጋት «ዲ አይ ቦክስ»፣ ድምፁን ለረጅም ገመድ የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን፣ ጠይቁ። ረጅም ተራ ገመድ የመብራቱን እምምም የሚል ድምፅ ይሰበስባል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ያ ድምፅ ወፍራምና ግትር ነው። ዲ አይ ቦክሱ ላይ «ግራውንድ ሊፍት» የሚል ትንሽ ማብሪያ አለ። እምምታው ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። የመብራቱን መሰኪያ የመሬት እግር ግን በፍጹም አትቁረጡ፣ ሰው ይገድላል።

ሌላም አለ። ብዙ አዳራሽ ሞንታርቦው ሞኖ ነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ቤት በሄድፎን ከግራ ወደ ቀኝ የሚንሸራሸረው ዲሌያችሁ እዚያ አይንሸራሸርም። ማሽኑ ላይ ሁለት መውጫ ካለ ብዙውን ጊዜ ግራው «ሞኖ» የሚል ጽሑፍ አለው። በእሱ ብቻ ስትወጡ አብዛኞቹ ማሽኖች ሁለቱን ጎን ራሳቸው ያዋህዳሉ። የመድረኩ ቀን ሳይደርስ ቤት ሆናችሁ በሞኖ ስሙት፤ በተለይ ኮረስ ካለው።

ጆሮ ያታልላል

ካቡ በርቷል፣ መጠኑ ተስተካክሏል፣ አሁንም ጊታሩ ይጠፋል። ይሄኛው ጥፋት የማሽኑም የሳውንድ ማኑም አይደለም። የጆሮ ጠባይ ነው።

በፈረንጆቹ 1933 ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች የሰው ጆሮ የተለያየ ድምፅን በምን ያህል ጉልበት እንደሚሰማ ለክተው አወጡ። ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሙንና በጣም ቀጭኑን ድምፅ መስማት ይደክመዋል፤ መሃለኛውን ይሰማል። ድምፅ ሲጮህ ሁሉም ይቀራረባል።

አሁን ሌሊት ጎረቤት እንዳይነሳ ድምፅ ቀንሳ የምትለማመድን ጊታሪስት አስቡ። ቤዙ አነሰባት፣ ጨመረችው። ትሬብሉ ደበዘዘባት፣ ጨመረችው። ሚድሉ ጎልቶ አስጠላት፣ ቀነሰችው። ለዚያ ሰዓት ልክ ነች። ቅዳሜ ያው ፕሪሴት (አስተካክላ ማሽኑ ላይ ያስቀመጠችው ድምፅ) በትልቅ ድምፅ ሲወጣ ቤዙ ያጓራል፣ ትሬብሉ ጆሮ ይወጋል። ጊታር የሚኖረው ሚድሉ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ተቆርጧል። ወፍራሙ ቦታ በቤዝ ጊታሩና በትልቁ ከበሮ ተይዟል። ቀጭኑ ቦታ በሲምባሉ ተይዟል። ለጊታሩ የቀረለት ክፍት ቦታ የለም።

ስለዚህ የመድረክ ፕሪሴት ብቻውን ሲሰማ ትንሽ ቀጠን ያለ፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ። የጊታር ስድስተኛው ክር ሲመታ 82 ኸርዝ ነው። ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት፣ ምንም አይጎድልባችሁም። ከ6,000 ኸርዝ ግድም በላይ ያለውንም ቁረጡት። ከ500 እስከ 2,000 ኸርዝ ያለውን ግን ጠብቁት። ጌይኑን፣ የዲስቶርሽኑን መጠን የሚወስነውን፣ ቤት ከለመዳችሁት ሩብ ያህል አውርዱት፤ ድምፅ ሲጮህ ራሱ ስለሚወፍር ያን ሁሉ ጌይን አይፈልግም። ሪቨርቡን ግማሽ አድርጉት። አዳራሹ የራሱ ሪቨርብ አለው፣ የእናንተ ሲደረብበት ጭቃ ይሆናል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን በትልቅ ድምፅ መሞከር አይችልም። መለማመጃ ቤት ስትሄዱ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ለዚህ ስጡ። ድራመሩ እየመታ፣ ቤዙ እየተጫወተ አስተካክሉ። ከባንዱ ጋር ሆናችሁ ያስተካከላችሁት ድምፅ መድረክ ላይ አይከዳችሁም።

ሶሎው ሲመጣ

ሶሎ ላይ ጊታሩ ከፍ ማለት አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሲፈልግ ጌይን ይጨምራል። ጌይን ሲጨመር ግን ድምፁ የበለጠ ይቆራረጣል፣ ይጨመቃል፤ ከፍ አይልም። እንዲያውም ወደ ኋላ ይሄዳል። ቡስት (ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ኢፌክት) ከዲስቶርሽን በፊት ሲቀመጥ የሚጨምረው ዲስቶርሽኑን ነው። ከፍ እንዲል ከተፈለገ ቡስቱ ከሰንሰለቱ መጨረሻ አካባቢ፣ ከካቡ በኋላ ይቀመጥ። 3 ወይም 4 ዴሲቤል ከበቂ በላይ ነው። ትንሽ ሚድል ከተጨመረበት አዳራሹ ጫፍ ድረስ ይሰማል።

ስለ ፕሪሴቶች አንድ የግል አስተያየት ልስጥ። በየዘፈኑ አንድ ፕሪሴት መሥራት ለኮንሰርት፣ ዝርዝሩ ለታወቀ ፕሮግራም ጥሩ ነው። ሰርግ ላይ ግን ድምፃዊው የሙሽሮቹን ፊት እያየ ነው የሚዘፍነው። ከጉራግኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ወደ ጎጃም በአንድ እስትንፋስ ይሻገራል። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ፕሪሴት ቁጥር 37ን ስትፈልጉ መግቢያው ያልፋል። አራት ወይም አምስት ድምፅ ይበቃል፦ ንጹሕ፣ ንጹሕ ከኮረስ ጋር፣ ቀለል ያለ ኦቨርድራይቭ፣ ሶሎ፣ ዋዋ። እነዚህን በተቻለ መጠን በአንድ ፕሪሴት ውስጥ አድርጋችሁ በእግር አብሩ፣ አጥፉ። ምክንያቱም ብዙ ማሽኖች ከአንድ ፕሪሴት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ለቅጽበት ጸጥ ይላሉ። የዲሌዩ ጅራትም ይቆረጣል። ቤት አይሰማችሁ ይሆናል። መድረክ ላይ ግን ዘፈኑ ላይ ቀዳዳ ይሠራል።

ችክችካ፣ ዲሌይና ቅኝት

ይሄ ክፍል እኛን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ የትም ማኑዋል ላይ አታገኙትም።

ማሽኖቹ ላይ «ታፕ» የሚባል መርገጫ አለ። ዘፈኑን እየሰማችሁ በእግራችሁ ትመቱታላችሁ፣ ዲሌዩ ከፍጥነቱ ጋር ይገጥማል። ከፋብሪካ የሚመጡ ብዙ ፕሪሴቶች ዲሌዩን «ዶትድ ኤይዝ» ላይ ያስቀምጡታል። ይህም የምቱ ሦስት አራተኛ ማለት ነው። አራት በአራት ለሆነ ሙዚቃ ያምራል። ችክችካ ግን ስድስት በስምንት ነው። እያንዳንዱ ትልቅ ምት የሚከፈለው ለሦስት ነው።

በቁጥር እንየው። ጭብጨባው በደቂቃ 120 ጊዜ ነው እንበል። በአንዱ ጭብጨባና በሌላው መካከል 500 ሚሊ ሴኮንድ አለ። ለሦስት ሲከፈል ትንንሾቹ ምቶች በ167፣ በ333 እና በ500 ላይ ይወድቃሉ። ዶትድ ኤይዝ ዲሌይ 375 ላይ ይመጣል። ከ333 አለፈ፣ 500 አልደረሰም። ከከበሮው ጋር ይጋጫል። አድማጩ ምን እንደሆነ ባይገልጸውም ዘፈኑ እንደተንገዳገደ ይሰማዋል። መፍትሔው የዲሌዩን ክፍፍል በላዩ 3 ቁጥር ወደተጻፈበት ኖታ፣ ወደ ትሪፕሌት መቀየር ነው። ትሪፕሌት ኤይዝ 167ን ይሰጣችኋል፤ ትሪፕሌት ኳርተር 333ን። ሁለተኛውን ሞክሩት። ነጠላ ኖታ ስትመቱ ማሚቶው ከከበሮው ጋር እየተቀባበለ ይሄዳል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ክራር የሚደርብልኝ ሰው አብሮኝ ያለ መስሎኝ ነበር።

ሌላው ሃርሞናይዘር ነው። አንድ ኖታ ስትመቱ ሁለተኛ ድምፅ የሚደርብላችሁ ኢፌክት ማለት ነው። ቁልፉን ትነግሩታላችሁ፣ በሜጀር ወይም በማይነር ስኬል ሦስተኛውን ኖታ ይጨምራል። በትዝታ ሜጀር ሞክሩት። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዶ ስትመቱ ሚ ይደርባል፣ ያምራል። ሬ ስትመቱ ግን ፋ ይደርባል። ሶል ስትመቱ ሲ ይደርባል። ፋም ሲም ትዝታ ውስጥ የሉም። ከአምስቱ ኖታ ሁለቱ ላይ ማሽኑ ከቅኝት ያወጣችኋል ማለት ነው። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከተለመደው ሜጀርም ማይነርም ጋር አይገጥምም።

አንዳንድ ማሽኖች የራሳችሁን ስኬል እንድትጽፉ ይፈቅዳሉ። «ዩዘር ስኬል» የሚል ነገር ካያችሁ ተጠቀሙበት። ለትዝታ በቅኝቱ ውስጥ አንድ ኖታ እየዘለላችሁ ሙሉት፦ ለዶ ሚ፣ ለሬ ሶል፣ ለሚ ላ፣ ለሶል የላይኛውን ዶ፣ ለላ የላይኛውን ሬ። አንዴ አስር ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊታር ሆናችሁ በቅኝት ትጫወታላችሁ። ማሽናችሁ ይህን ካልቻለ ሃርሞናይዘሩን ለትዝታ አታብሩት።

መዘግየት አለ ወይ?

አለ፣ ግን ብዙ አያስጨንቅም። ማሽኑ ሒሳቡን ሠርቶ እስኪጨርስ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይወስድበታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ግድም ነው የሚጓዘው። ከአምፑ 3 ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ 9 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ትዘገያላችሁ፣ ማንም ግን ሲያማርር አልሰማሁም። የብሉቱዝ ሄድፎን ግን ሌላ ነገር ነው። መዘግየቱ በጣም ስለሚበዛ ለመለማመድም ለመድረክም አይሆንም። ገመድ ያለውን ተጠቀሙ።

መብራቱ

ብዙዎቻችን ማሽኑን የምናገኘው ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ የመሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ 220 ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል፣ ምናልባትም ማሽኑን ይዞ። በአገር ቤት ሌላ አዳፕተር ስትገዙ ሦስት ነገር ይመሳሰል፦ ቮልቱ፣ አምፔሩ እና የጫፉ አቅጣጫ። አምፔሩ ቢበልጥ ምንም አይደለም፣ ማነስ ግን የለበትም። አቅጣጫው በክብ ሥዕል ተስሏል። የጊታር ማሽን አብዛኛው መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ተራ አዳፕተር ግን ብዙ ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱ ቀዳዳው ላይ እኩል ስለሚገቡ ሰው ይሳሳታል።

መብራት ሲጠፋም ልዩነት አለ። ነጠላ አናሎግ ፔዳል መብራቱ እንደመጣ ይጮሃል። መልቲ ኢፌክት ኮምፒዩተር ስለሆነ እስኪነሳ ሴኮንዶች ይፈልጋል። ጀነሬተር ሲነሳ ለቅጽበት ጠፍቶ ቢመጣ እንኳ ባንዱ ቀጥሎ እናንተ ዝም ብላችሁ ትቆማላችሁ። እንደ ቦስ ጂ ቲ 1 ያሉ ትንንሽ ማሽኖች በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች (ኤ ኤ በሚባሉት) ይሠራሉ። ድንጋዩን ውስጡ አድርጋችሁ ከቤት ብትወጡ ይጠቅማችኋል። ለትልልቆቹ ለኢንተርኔት ራውተር የምንጠቀምበት ዓይነት ትንሽ ዩ ፒ ኤስ ይሞከራል፣ ቮልቱና አቅጣጫው ከገጠመ።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ሆናችሁ ፈትሹ። ማሽኑን አጥፉና አብሩት። ሲነሳ የሚከፍተው መጨረሻ የተጠቀማችሁበትን ፕሪሴት ነው ወይስ የመጀመሪያውን? የመጀመሪያውን ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ንጹሑን ድምፅ አስቀምጡ፣ ድምፁንም ከሌሎቹ እኩል አድርጉት።